የጃፓንኛ ግሥና የአራት መቶ ዓመት አጠናኑ

ጃፓንኛ መማር የጀመረ ሰው ቃላት እያጠራቀመ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ የሚደናገረው ግሥ ላይ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ እያንዳንዱን ግሥ በአንድ ቅርጽ ብቻ ይሰጠዋል፤ ተማሪውም ያንን ቅርጽ ከትርጉሙ ጋር ይሸመድዳል። «አልበላም»፣ «በልቼ»፣ «እንብላ» ለማለት ሲሞክር ግን የያዘው ቅርጽ አያደርሰውም። አንዱ ግሥ በአንድ መንገድ፣ ጎኑ ያለው ደግሞ በሌላ መንገድ ይረባበታል። ብዙዎች ይህን የገዛ አእምሯቸው ድክመት ወይም የቋንቋው ክፋት አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ላለፉት አራት መቶ ዓመታት ጃፓናውያንም ሆኑ የውጭ ሰዎች ይህን ግሥ እንዴት እንደመደቡትና እንዳስጠኑት ለሚመረምር ሰው፣ ሸክሙ የመጣው ከግሡ ሳይሆን ግሡ ለተማሪ ከሚቀርብበት ዝርዝር እንደሆነ ግልጽ ነው። መፍትሔው ሁለት ጊዜ ተገኝቶ ነበር፤ አንዴ እ.ኤ.አ. በ1603 ናጋሳኪ ውስጥ በታተመ መዝገበ ቃላት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በ1808 አንድ ዓይነ ስውር ሊቅ ባሳተመው መጽሐፍ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬው ጀማሪ ከሁለቱም ግኝቶች የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ከታሪኩ በፊት ግሡ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ፊደል ለቆጠረ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። «ማንበብ» የሚለው የጃፓንኛ ግሥ ዮሙ ነው። «አያነብም» ሲባል ዮማናይ፣ በአክብሮት «ያነባል» ሲባል ዮሚማስ፣ «ቢያነብ» ሲባል ዮሜባ፣ «እናንብብ» ሲባል ዮሞ ይሆናል። ፊተኛው ዮ አልተነካም። የተለዋወጠው የመ ቤት ነው፤ ማ፣ ሚ፣ ሙ፣ ሜ፣ ሞ። ግሡ ከራብዕ ወደ ሣልስ፣ ከሣልስ ወደ ካዕብ፣ ከዚያም ወደ ኃምስና ወደ ሳብዕ ሄደ ማለት ነው። «መጻፍ» ካኩ ነው፤ እሱም በከ ቤት ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይረባል። አብዛኞቹ የጃፓንኛ ግሦች በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ወገን ግን መጨረሻው አይነቃነቅም። «መብላት» ታቤሩ ነው፤ ታቤናይ፣ ታቤማስ፣ ታቤሬባ እያለ ሲረባ ቤ እንደጸናች ትቀራለች፣ የሚለወጠው ከኋላዋ የሚቀጠለው ብቻ ነው። ከሁለቱ ወገኖች በእውነት የሚያፈነግጡት ኩሩ («መምጣት») እና ሱሩ («ማድረግ») ናቸው፤ የተቀሩት ጥቂት አፈንጋጮች የሚስቱት በአንድ ወይም በሁለት ቅርጽ ላይ ብቻ ነው። ግሡ በመደብ አይለወጥም፤ በጾታም በቁጥርም አይለወጥም። እኔ፣ አንቺ፣ እነሱ ሁሉም ዮሙ ይላሉ። «አነበብኩ፣ አነበብሽ፣ አነበቡ» እያለ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ሸክም ነው።

ታዲያ ጀማሪው ለምን ይቸገራል? የሚሸመድደው ቅርጽ ግሡ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስለሚሰውርበት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው መጻሕፍት ሁለት ልማድ አላቸው። አንዳንዶቹ ግሡን መዝገበ ቃላት ላይ በሚገኝበት ቅርጽ ያስጠናሉ። በዚህ ቅርጽ ካኤሩ «መመለስ»ም «መቀየር»ም ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው አሉታው ካኤራናይ፣ የሁለተኛው ካኤናይ ነው። ኪሩም እንዲሁ «መቁረጥ» ከሆነ ኪራናይ፣ «መልበስ» ከሆነ ኪናይ ይላል። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ በ1998 መታተም የጀመረው «ሚና ኖ ኒሆንጎ»፣ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጨዋነት እንዲናገር ብለው በማስ የሚያልቀውን የአክብሮት ቅርጽ ያስቀድማሉ። እዚያ ደግሞ ኦኪማስ «እነሳለሁ»ም «አስቀምጣለሁ»ም ነው፤ የፊተኛው መነሻ ኦኪሩ፣ የኋለኛው ኦኩ ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው ግማሽ እውነት ይዟል። ሁለቱ አብረው ከተያዙ ግን ጥርጣሬው ይጠፋል፤ ካኤሩ፣ ካኤሪማስ ያለ ተማሪ ከካኤሩ፣ ካኤማስ ጋር ሊያምታታው አይችልም።

ይህን ቀድመው የተረዱት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። በ1590 አሌሳንድሮ ቫሊኛኖ ከአውሮፓ ያስመጣው ማተሚያ ጃፓን ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ገደማ ማኅበሩ ሃይማኖታዊ መጻሕፍትን፣ የላቲን ሰዋስውንና የጃፓንኛ ንባቦችን አሳተመ። ከእነዚህ ሁሉ ለቋንቋ ተማሪ ትልቁ ሥራ በ1603 ናጋሳኪ ውስጥ የወጣው የጃፓንኛና የፖርቱጋልኛ መዝገበ ቃላት ነው። በቀጣዩ ዓመት ከወጣው ተጨማሪ ክፍል ጋር ወደ 32,000 የሚጠጉ ቃላት ይዟል። (በዚያው በ1603 የዚሁ ማኅበር አባል ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ ገብቷል፤ በሁለቱም አገር የማኅበሩ ሰዎች የአገሬውን ቋንቋ ጠንቅቆ ማወቅን የሥራቸው መሠረት አድርገውት ነበር።) መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱን ግሥ በሦስት ቅርጽ ይሰጣል፤ መጀመሪያ ሥር የሚሉትን፣ ቀጥሎ የአሁን ጊዜውን፣ በመጨረሻ የኃላፊ ጊዜውን። «ማንሳት» የሚለው ግሥ አጌ፣ አጉሩ፣ አጌታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ቦታ ለመቆጠብ ሁለተኛውና ሦስተኛው በመጨረሻቸው ብቻ ይጻፋሉ። ልማዱን የወረሱት ከላቲን መዝገበ ቃላት ነው። ላቲን የተማረ ቄስ ግሥን በአንድ ቅርጽ መያዝ ዋጋ እንደሌለው ከልጅነቱ ያውቃል፤ ጃፓን ሲደርስም ያንኑ እውቀት ይዞ ነበር።

ይህ አሠራር ለምን እንደሚበጅ በዝርዝር ማየት ይገባል። ሥሩና የአሁኑ ጊዜ አንድ ላይ ሆነው ግሡ ከሚለዋወጠው ወገን ይሁን ከማይነቃነቀው ይነግራሉ። የኃላፊ ጊዜው ደግሞ ከሁለቱ በቀጥታ የማይታየውን የድምፅ ለውጥ ያሳያል። ሦስቱን የያዘ ሰው የቀረውን የግሡን ቅርጽ በሙሉ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ሊሠራው ይችላል። እነዚያ ሚሲዮናውያን ቋንቋውን የሚያጠኑት ለመስበክና ኑዛዜ ለመቀበል ነበር። ኑዛዜ ላይ «አደረግሁ» እና «አላደረግሁም» ተምታቶበት መቀጠል አይቻልምና ጥንቃቄያቸው ከሥራው ክብደት የመጣ ነው። የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች ስማቸው ባይገለጽም፣ ያለ ጃፓናውያን ወንድሞች እርዳታ ይህን ያህል ቃል በዚህ ጥራት ሊሰበሰብ እንደማይችል ገጾቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ሰዋስው ላይ ግን ያው የላቲን እውቀት እንቅፋትም ሆኗል። በአሥራዎቹ ዕድሜው በ1577 ጃፓን የገባው፣ ለጃፓን ገዢዎች ለሂዴዮሺና ለኢኤያሱ በአስተርጓሚነት ያገለገለው ዦአው ሮድሪጌስ ከ1604 እስከ 1608 ናጋሳኪ ውስጥ ታላቁን የጃፓንኛ ሰዋስው አሳተመ። የተከተለው የማኑኤል አልቫሬስን የላቲን ሰዋስው ነው። ስለዚህ ጃፓንኛ የሌለውን የምኞት ዘይቤና ሌላም ሌላም የላቲን ክፍል ሁሉ በጃፓንኛ ሐረግ ሞላው። ግሦቹንም በሥራቸው መጨረሻ በሦስት መደባቸው፤ በኤ የሚያልቁ፣ በኢ የሚያልቁ፣ በሁለት ተከታታይ አናባቢ የሚያልቁ። ችግሩ በኢ የሚያልቁ ሥሮች ሁሉ አንድ ወገን አለመሆናቸው ነው። ዮሚ ከሚለዋወጡት ናት፤ ሚ («ማየት») ግን ከማይነቃነቁት። ስለዚህ ዝርዝር ከነልዩ ሁኔታው መጨመር አስፈለገ። ሮድሪጌስ ይህን ሁሉ የጻፈው በላቲን ፊደል ነበር፤ ጃፓናውያን ራሳቸው ድምፆቻቸውን የሚያሰልፉበትን ሰንጠረዥ የምደባው መሠረት አላደረገውም። በ1610 ከአገር ተባረረ፤ አጭሩን ሰዋስው በ1620 ማካዎ ውስጥ አሳተመ። ክርስትና በ1614 ታገደ። በ1641 ከአውሮፓውያን የቀሩት በናጋሳኪ ወደብ ደጂማ በምትባል ትንሽ ደሴት የተከለሉት ሆላንዳውያን ብቻ ነበሩ። የሦስት ቅርጹ መዝገበ ቃላትም ከተማሪው እጅ ወጣ።

ሁለተኛው ግኝት የመጣው ከራሳቸው ከጃፓናውያን ነው፤ መነሻውም የውጭ ሰው ማስተማር አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጥንት ግጥሞችንና ዜና መዋዕሎችን የሚመረምሩ ሊቃውንት የአባቶቻቸው ቋንቋ ከእነሱ አነጋገር ምን ያህል እንደራቀ ተገነዘቡ። ከሁሉም ታላቁ በኢሴ ግዛት የማትሱሳካ ሐኪም የነበረው ሞቶኦሪ ኖሪናጋ ነው (1730–1801)። እሱ የጥንቱን ግሥና ቅጽል ሰብስቦ በ27 ክፍል መደበ። ሃያ ሰባት የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በከ ቤት የሚረባውን፣ በመ ቤት የሚረባውን፣ በረ ቤት የሚረባውን እንደ ተለያየ ነገር ቆጠረ። ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሰው ልጁ ሃሩኒዋ ነው (1763–1828)። ሃሩኒዋ በሠላሳዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ዓይኑ ፈጽሞ ጠፋ። ኪዮቶ ሄዶ የመርፌ ሕክምና ተማረ፣ በዚያም ይተዳደር ነበር። እህቱ ሚኖና ሌሎች የቤተሰቡ አባላት እያነበቡለትና የሚለውን እየጻፉለት «ኮቶባ ኖ ያቺማታ» የተባለውን መጽሐፍ በ1806 ጨርሶ በ1808 አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ የአባቱ 27 ክፍሎች ለግሥ ወደ 7 ወረዱ።

ይህ እንዴት ሆነ? ጃፓናውያን ከሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ድምፆቻቸውን የሚያሰልፉበት ሰንጠረዥ ነበራቸው። የቡድሃ መነኮሳት የሕንድን ፊደል ሲማሩ ያገኙት አሰላለፍ ነው፤ ተነባቢው በአንድ አቅጣጫ፣ አምስቱ አናባቢዎች ማለትም ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ በሌላ አቅጣጫ። የእኛ የሀሁ ገበታ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሃሩኒዋ ያየው፣ ግሥ ሲረባ ከቤቱ ሳይወጣ በአናባቢዎቹ ደረጃዎች ላይ ብቻ እንደሚሄድ ነው። ከ ይሁን መ፣ ቤቱ ለእርባታው ለውጥ አያመጣም፤ ዋናው ጥያቄ ግሡ ስንት ደረጃ ይረግጣል የሚለው ነው። አንዳንዱ አራቱን ይረግጣል፣ አንዳንዱ ሁለቱን (ይህም በሁለት ዓይነት መንገድ)፣ አንዳንዱ በአንዱ ይጸናል፤ ከእነዚህ አራት መደቦች ውጪ ሦስት አፈንጋጮች ብቻ ቀሩ። ሊቁ ዓይነ ስውር መሆኑ ሥራውን አላገደውም፤ እንዲያውም ነገሩን በድምፅ ብቻ እንዲመዝን አስገድዶት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ጃፓናውያን በሚጽፉበት በካና ማ፣ ሚ፣ ሙ፣ ሜ፣ ሞ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ አምስት ምልክቶች ናቸው። ዓይን የማያየውን ዝምድና ያገናኘው ጆሮ ነው።

ከእሱ በኋላ የዋካሳው መነኩሴ ቶጆ ጊሞን (1786–1843) ለእያንዳንዱ የእርባታ ደረጃ ስም አወጣለት፤ ዛሬ የጃፓን ተማሪዎች በትምህርት ቤት የሚማሯቸው የስድስቱ ቅርጾች ስሞች በአብዛኛው የእሱን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። በሜጂ ዘመን ደግሞ ኦትሱኪ ፉሚሂኮ በ1891 በተጠናቀቀው «ገንካይ» በተባለው መዝገበ ቃላቱ መግቢያ ላይ የአገሩን ትምህርት ከምዕራቡ ሰዋስው ጋር አዋሐደ። የጥንቱ ቋንቋ የግሥ መደብ በትምህርት ቤት ሰዋስው 9 ነው፤ የዛሬው ቋንቋ 5 ብቻ አለው፤ ለውጭ ተማሪ ሲቀርብ 3 ይሆናል። ቋንቋው ራሱ ቀሎለታል። ጀማሪው ይህን ቢያውቅ ብዙ ይጽናናል።

እዚህ ላይ የሃሩኒዋን መንገድ የሚቃወም ሰው ጠንካራ ነገር ሊያነሳ ይችላል፤ ሰንጠረዡ የተሠራው ቋንቋውን አፉን ለፈታበት፣ የጥንት ግጥም ለሚያነብ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይደለም ይላል። እውነት ነው። ስድስቱን ስሞች ለውጭ ተማሪ በመጀመሪያው ወር ማሸከም ጥፋት ነው፤ ከስድስቱ አንዳንዶቹ ለብቻቸው ቆመው የማይነገሩ፣ ከኋላቸው ተቀጥላ የሚጠብቁ ናቸው። ደግሞም ሰንጠረዡ ለአጻጻፍ ተገዢ ነበር። ለረጅም ዘመን ዮሙን የመሰሉ ግሦች «ባለ አራት ደረጃ» ይባሉ የነበረው «እናንብብ» የሚለው ቅርጽ ዮሞ ተብሎ እየተነገረ በጥንቱ አጻጻፍ በማ ይጻፍ ስለነበር ነው። በ1946 አጻጻፉ ከአነጋገሩ ጋር እንዲስማማ ሲሻሻል ሞ በጽሑፍም ታየች፤ ግሦቹም «ባለ አምስት ደረጃ» ተባሉ። ስለዚህ ከሃሩኒዋ መውሰድ ያለብን ስሞቹን ሳይሆን ሐሳቡን ነው፤ ቤቱ ይጸናል፣ ደረጃው ይለዋወጣል። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን ሊገባ የሚችል ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ጀማሪን የሚያስለቅሰው በቴ የሚያልቀው ቅርጽ («አንብቦ»፣ «ጽፎ» እንደምንለው ያለው) እና የኃላፊ ጊዜው ነው፤ እነዚህ በደረጃ ሕግ አይሠሩም። ካኩ ካይቴ ይሆናል፤ ዮሙ ዮንዴ፣ ቶሩ («መያዝ») ደግሞ ቴ ጠብቃ ቶቴ። በብዙ ክፍሎች ይህ በዜማ ይጠናል፤ በኡ፣ በትሱና በሩ የሚያልቁት እንዲህ፣ በሙ፣ በቡና በኑ የሚያልቁት እንዲህ እየተባለ። ዜማው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ግን ተትቷል። በጥንቱ ጃፓንኛ እነዚህ ሁሉ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሣልሱ ላይ ቴ መጨመር ብቻ። ካኪቴ፣ ዮሚቴ፣ ቶሪቴ ይባል ነበር። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ አፍ ለመቅለል ብሎ አሳጠራቸው፤ ኪ ተነባቢዋን ጣለች፣ ሚ ወደ ን ተጠጋች፣ ሪ በቴ ተውጣ ቴን አጠበቀቻት። ይህን የሰማ ተማሪ አምስት የማይዛመዱ ሕጎችን አይሸመድድም፤ አንድ ሕግና የድምፅ መለሳለስን ይይዛል።

የኃላፊ ጊዜ ቅርጾች የታሪክና የሥልጣን ውጤት መሆናቸውንም ልብ ማለት ይገባል። «መግዛት» ካኡ ነው፤ «ገዛ» በዛሬው መደበኛ ቋንቋ ታ ጠብቃ ካታ ይባላል፤ በኦሳካና በኪዮቶ በኩል ግን ኦ ተጎትታ ኮታ ይባላል። ሮድሪጌስ ትክክለኛ ብሎ ያስተማረው የኪዮቶን አነጋገር ነበር። በ1868 ኤዶ ቶኪዮ ተብላ ዋና ከተማ ስትሆንና የመደበኛው ቋንቋ መሠረት የቶኪዮ የተማሩ ሰዎች አነጋገር ሲሆን የተማሪው ሕግ ተለወጠ። የዚሁ የካኡ አሉታ ካዋናይ መሆኑም ብዙ ጀማሪ የሚያጉረመርምበት ነው፤ ዋ ከየት መጣች? ግሡ በጥንት ዘመን ካፉ ነበር፤ በሁለት አናባቢ መካከል ያለው ፍ ወደ ው ለሰለሰ፤ ው ደግሞ በጊዜ ብዛት ከኣ በፊት ካልሆነ በስተቀር ጠፋ። ስለዚህ ዋ አዲስ የገባች አይደለችም፤ ከቤቱ ሰዎች ብቻዋን የቀረች ናት።

ጃፓን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሯን ከከፈተች በኋላ የመጡት የውጭ ሊቃውንት ብዙውን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው መሥራት ነበረባቸው። ሌይደን ላይ ያስተማረው ዮሐን ዮሴፍ ሆፍማን የኦፔራ ዘፋኝ የነበረ ጀርመናዊ ነው፤ ጃፓንን ሳያይ በ1867 ትልቅ ሰዋስው አሳተመ። ብሪታንያዊው ዲፕሎማት አስተን በ1869 የሚነገረውን፣ በ1872 የሚጻፈውን ቋንቋ ሰዋስው ለየብቻ ጻፈ፤ ሁለቱ ያኔ እርስ በርስ በጣም ይራራቁ ነበርና አንድ ተማሪ ሁለት የግሥ ሥርዓት ማጥናት ነበረበት። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻምበርሌን በ1888 ባወጣው የንግግር ቋንቋ መማሪያ የተጠቀመ የውጭ ነዋሪ እጅግ ብዙ ነው።

ግሥን ጨርሶ ዘልሎ ለማለፍ የሞከሩም ነበሩ። በ1898 ወደ ጃፓን የተሰደደው ቻይናዊው የለውጥ አራማጅ ሊያንግ ቺቻዎ ለአገሩ ሰዎች ያዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ፣ ቻይንኛ የሚያነብ ሰው የቃላቱን ቅደም ተከተል እያገላበጠ ጃፓንኛን በጥቂት ጊዜ ማንበብ እንደሚችል ያስተምራል። በዚያን ጊዜ የነበረው የፖለቲካና የሳይንስ ጽሑፍ በቻይንኛ ቃላት የተሞላ ስለነበር ምክሩ ለጊዜው ሠርቷል፤ ብዙ ሐሳብም በዚህ መንገድ ወደ ቻይና ገብቷል። ዳሩ ግን ጽሑፉ ወደ ንግግር ቋንቋ እየተጠጋ ሲሄድ «ነው» እና «አይደለም»፣ «አደረገ» እና «ተደረገበት» የሚለዩት በካና በሚጻፈው የግሥ ጅራት ሆነ፤ ጅራቱን የማያነብ ሰው ዐረፍተ ነገሩን በተቃራኒው ሊረዳው ይችላል። ለዚህም ነው በካኖ ጂጎሮ ትምህርት ቤት ለቻይናውያን ያስተምር የነበረው ማትሱሞቶ ካሜጂሮ በ1904 ሙሉ ሰዋስው አዘጋጅቶ ያቀረበላቸው።

በሌላ በኩል ሰንጠረዥም ሦስት ቅርጽም አያስፈልግም፣ ሕፃን ያለ ሰዋስው አይደል የሚናገረው የሚሉ አሉ። ለዚህ ክርክር በታሪክ የተገኘው ትልቁ ምስክር ታይዋን ነው። ጃፓን ደሴቲቱን ከ1895 እስከ 1945 ስትገዛ ያማጉቺ ኪኢቺሮን የመሳሰሉ መምህራን የልጆቹን ቋንቋ ሳይጠቀሙ በጃፓንኛ ብቻ የማስተማርን ዘዴ አስፋፉ፤ ብዙ ሕዝብም ጃፓንኛ ተናገረ። የተናገረው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዓመታት ሙሉ በየቀኑ በዚያ ቋንቋ በሚያስተምር ክፍል ተቀምጦ፣ ቅኝ ገዢ መንግሥት አስገድዶት ነው። ያንን ጊዜ የሌለው፣ ያ ግዴታም ሊጫንበት የማይገባ ሰው ከዚያ ልምድ የሚወስደው ዘዴ የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1942 ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ባዛወረው የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ውስጥም ልምምድ ዋናው ነገር ነበር። ትንንሽ ክፍሎች ነበሩ፤ ጥናቱ በሳምንት ስድስት ቀን ነበር፤ መጻሕፍቱም ናጋኑማ ናኦኤ ቶኪዮ ውስጥ ያዘጋጃቸው ንባቦች ነበሩ። የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ተርጓሚዎቹ ዶናልድ ኪንና ኤድዋርድ ሳይደንስቲከር ከዚያ ወጡ። እነሱም ግን ጀማሪ የሚያልመውን አቋራጭ አላገኙም፤ ሙሉ ቀናቸውን ሰጡበት። ልምምድን አልቃወምም፤ በትክክለኛ ቅርጽ የተያዘ ግሥ ልምምዱን ያሳጥረዋል ነው የምለው።

ከጦርነቱ በኋላ በርናርድ ብሎክ በ1946 ባወጣው ጥናት የግሡን ግንድ በላቲን ፊደል ከፋፍሎ ለየ፤ አንዱ ወገን በተነባቢ የሚያልቅ ግንድ አለው (ዮም)፣ ሌላው በአናባቢ የሚያልቅ (ታቤ)። ተማሪው የነበረችው ኤሌኖር ጆርደን ከ1962 ጀምሮ ባወጣቻቸው መማሪያዎች ይህ ምደባ በሰፊው ተሠራጨ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሃሩኒዋ በሰንጠረዡ ያየውን በሌላ መንገድ አረጋገጠ። ሆኖም ላቲን ፊደል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚተው መረማመጃ ነው። ተማሪው ወደ ካና ሲሻገር ዮም የሚባለው ግንድ ከዓይኑ ይጠፋል፤ ካና ተነባቢን ከአናባቢ ነጥሎ አይጽፍምና። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ከሁለቱም የተሻለ ነው። እንደ ካና አንድን ቀለም በአንድ ምልክት ይጽፋል፤ እንደ ላቲን ደግሞ ማ፣ ሚ፣ ሙ፣ ሜ፣ ሞ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

የፊደላችን ጉድለት ማጥበቅና ማላላትን አለመለየቱ ነው፤ ይህም በጃፓንኛ ግሥ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ኪታ ታ ላልታ «ለበሰ»፣ ጠብቃ «ቆረጠ» ናት። ኢታ ላልታ «ነበረ»፣ ጠብቃ «ሄደ» ናት። ካኤታ ላልታ «ቀየረ»፣ ጠብቃ «ተመለሰ» ናት። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ «አለ»ን ከ«አለ» በጆሮው ሲለይ ያደገ ነው። የተለየ ሥልጠና አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ከፊደሉ በላይ የማጥበቂያ ነጥብ ማድረግ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የጃፓንኛ መማሪያ ለማዘጋጀት የምታስቡ መምህራን ሆይ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የግሥ ዝርዝር እንዳለ አትገልብጡት። እያንዳንዱን ግሥ በ1603 እንደተደረገው በሦስት ቅርጽ አስጠኑ፤ ካኪማስ፣ ካኩ፣ ካይታ እያላችሁ። ካና እስኪለመድ ድረስ በፊደል ጻፉት፤ የሚጠብቀው ላይ ነጥብ አድርጉበት። የቃል ጥናቱን ሸክም ግማሽ በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪው ታቀሉለታላችሁ።